መድኃኒት ያልታዘዘለት ጉሮሮ

ከቃለ ጉባኤው በፊት የሚቀመጥ ኑዛዜ

እኔ የዚህ ስብሰባ ጸሐፊ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬና በሙሉ ክብር የሚከተለውን አነስተኛ ጥፋት እናዘዛለሁ። ድምፄ የተመለሰው በሁለተኛው አጀንዳ ላይ ነው። አጎቴ ስለ ትኩሳት አማካይ ሲያስረዱ ሳቄን በሹራቤ እጅጌ ስቀብር ከጉሮሮዬ አንድ ነገር ሾልኮ ወጣ፤ ድምፅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። የጠየቀኝም የለም። ይህን እዚህ የጻፍኩት በገጹ አናት ላይ ባዶ ቦታ ስለተረፈና በቤታችን ቃለ ጉባኤን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚያነብ ሰው ታይቶ ስለማያውቅ ነው።

የስብሰባው ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። አክስቴ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ካለች በኋላ እስክትደርስ አሥር ተኩል ሆኗል።

ቦታ፦ የአያቴ ሳሎን።

የተገኙ፦

አያቴ፣ ሊቀመንበር። ለዚህ ኃላፊነት የተመረጡት በቤቱ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር የእርሳቸው ብቻ ስለሆነ ነው።

አጎቴ፣ አባል። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጡረታ መውጣታቸው ለተማሪዎቻቸው ተነግሯል፤ ለእኛ ገና አልተነገረንም።

አክስቴ፣ አባልና የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ። ከዘመድ አዝማድ የተራረፈ ኪኒን ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እርሷ ዘንድ ይገኛል።

አባቴ፣ አባል። የሌሊት አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ሶፋው ላይ ተኝቶ ተገኝቷል።

ጋሼ ድሬሰር፣ ጎረቤት፣ ታዛቢ። በደህናው ዘመን በጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበሩ። ቦርሳቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ቦርሳውን ያመጣልን ያላቸው ሰው የለም።

እኔ፣ ጸሐፊና በሽተኛ። ቤተሰቡ ቱልቱላ ይለኛል። ከዚህ ቀደም በስብሰባዎቻችን ሁሉም መናገር ስለሚፈልግ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ኖሯል። ዛሬ መናገር የማትችል አንዲት ሰው ስለተገኘች እስክሪብቶው ያለ ተቀናቃኝ ተሰጣት።

ያልተገኘች፦ እናቴ፣ በሥራ ምክንያት። ጠዋት ስትወጣ «ልጅቷን እንዳትነኳት» ብላ ያስተላለፈችው መልእክት እንደ አንድ አስተያየት ተይዟል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስቱ አባላት አራቱ መገኘት አለባቸው። ጋሼ ድሬሰር ጎረቤት ስለሆኑ አይቆጠሩም። የአባቴ ጉዳይ አከራክሮ ነበር፤ አጎቴ «አካሉ እዚህ አለ፣ አለቀ» ስላሉ ተቆጠረና ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ አንድ። የሐኪሟን ውሳኔ ስለመስማትና ስለመከፋት

ሊቀመንበሯ ዛሬ ጠዋት በሽተኛዋን ይዘው ጤና ጣቢያ መሄዳቸውን አስረዱ። በሽተኛዋ ባለፈው ሰኞ የትምህርት ቤቷን ኳስ ቡድን ስትደግፍ ከመጠን በላይ መጮኋን፣ ቡድኑ ግን ስድስት ለባዶ ተሸንፎ ጩኸቷ ውኃ በልቶት መቅረቱን አስታወሱ። አግዳሚ ወንበር ላይ ወገባቸው እስኪቆረጥ ከተቀመጡ በኋላ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም የበሽተኛዋን አፍ በባትሪ አይታ፣ አንገቷን ዳብሳ፣ ደረቷን አዳምጣ እንዳበቃች ተናገሩ። በሐኪሟ አባባል ልጅቷን ጉንፋን ይዟታል፤ በላዩ ላይ ስለጮኸች የድምፅ አውታሯ ተቆጥቷል፤ ውኃ ትጠጣ፣ አታናግሯት፣ በራሱ ይለቃታል።

«መድኃኒቱስ?» ብላ አክስቴ ጠየቀች።

መድኃኒት አለመታዘዙ ለጉባኤው ተገለጸ። አባቴ ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

መጀመሪያ የተናገረችው አክስቴ ነበረች። ካርድ አውጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ እጅን አወዛውዞ መመለስ ለቤተሰቡ ውርደት መሆኑን አመለከተች። ቢያንስ ቢያንስ ሽሮፕ መታዘዝ ነበረበት፤ ሰው ጠርሙስ ሳይዝ ሲመለስ ጎረቤት ምን ይላል? አጎቴ በማስተማር ዘመናቸው ለጥያቄ «በራሱ ይፈታል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ዜሮ ያገኝ እንደነበር ተናግረው፣ ለሐኪሟም ያንኑ ሰጧት። ጋሼ ድሬሰር በእርሳቸው ጊዜ ሰው ጠያቂ ሆኖ ቢመጣ እንኳ መቀመጫውን እያሻሸ ይወጣ እንደነበር በትዝታ አወሱ።

ሊቀመንበሯ ሳሉ። ሳሉ ረዥም ነበር። በአጀንዳ ስላልተያዘ ታልፏል።

አጎቴ ሐኪሟ ሌላ ያለችው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። ሊቀመንበሯ ምንም እንዳላለች መለሱ፤ ይህን ሲሉም ጸሐፊዋን በጎን አዩዋት።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አንድ ነገር ትመዘግባለች፤ በቦታው ነበረችና። ሐኪሟ እኔን ጨርሳ ወደ አያቴ ዞራ «እማማ፣ የእርስዎስ ሳል ስንት ጊዜው ነው?» አለቻቸው። አያቴ ትናንት የጀመራቸው መሆኑን ነገሯት። ሳሉ የጀመረው የጓዳው ጣሪያ ሲቀየር ነው፤ አዲሱ ጣሪያ አሁን ማፍሰስ ጀምሯል። ሐኪሟ ፊታቸውን አይታ አላመነችም። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንዲመጡ፣ አክታቸው ተመርምሮ ደረታቸው ራጅ እንደሚነሣ ነገረቻቸው። ስንመለስ አያቴ መንገድ ላይ ቆም ብለው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ «አንቺ እንደሆነ ጉሮሮሽ ተዘግቷል፤ ከተዘጋ አይቀር የእኔንም ጨምረሽ ዝጊበት» አሉኝ። እነዚህ ከሰሙ ስብሰባ ይጠሩብኛል አሉ። ነገ ሹልክ ብለው ብቻቸውን እንደሚሄዱ ቃል ገቡልኝ። ባለፈው ለዓይናቸው ሕክምና ሹልክ ብለው የሄዱ ጊዜ የተመለሱት ከጎረቤት ቤት ነው፤ ሹራብ ጀምረው።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሐኪሟ ውሳኔ ውድቅ ተደርጎ፣ ለበሽተኛዋ ከተከፈለው ድካም ጋር የሚመጣጠን በሽታ እንዲፈለግላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አባቴ ማንኮራፋቱን ስላላቋረጠ ድጋፍ እንደሰጠ ተቆጥሯል።

አጀንዳ ሁለት። ለበሽተኛዋ በሽታ ስለመምረጥ

አጎቴ ሥራው በሳይንሳዊ መንገድ እንዲጀመርና ትኩሳት እንዲለካ ሐሳብ አቀረቡ። የቤቱ ሙቀት መለኪያ አክስቴ የገላ መታጠቢያ ውኃ ልትለካበት ስትል ስለተሰበረ፣ አራት እጆች በተራ በበሽተኛዋ ግንባር ላይ እንዲያርፉ ተስማሙ። አክስቴ ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ ስታጥብ የቆየ እጇን አሳርፋ «ይቺ ልጅ እሳት ናት» አለች። አጎቴ ቀዝቃዛ ናት አሉ። ጋሼ ድሬሰር ደግሞ ትኩሳቱ እንዳለ፣ ነገር ግን ሰው ሲያይ ወደ ውስጥ እንደሚሸሽ አስረዱ። ሊቀመንበሯ «ደህና ናት» ብለው እጃቸውን ሳያነሡ ፀጉሬን ወደ ኋላ መለሱልኝ።

አጎቴ እሳትን፣ ቀዝቃዛን፣ ሸሺን እና ደህናን ደምረው ለአራት አካፈሉ። ውጤቱ ለብ ያለ እሳት ሆነ። በኑዛዜው የተጠቀሰው ነገር የተከሰተው በዚህ ሰዓት ነው።

በሽተኛዋ አፏን ከፍታ በጣቷ ወደ ውስጥ አመለከተች። አጎቴ ስብሰባ ላይ እንደማይዛጋ ነገሯት። ለሁለተኛ ጊዜ ስትከፍት አክስቴ የጉሮሮ ከረሜላ ጣለችበት። ወደ ውስጥ የተመለከተ ሰው አለመኖሩ ለታሪክ ይመዝገብ።

ዕጩ በሽታዎች ቀረቡ። አጎቴ ደም ግፊት እንዲሆን ጠየቁ፤ የእርሳቸውም ደም ግፊት የጀመረው «ምንም የለብዎትም» ተብለው በተመለሱበት ማግስት ነውና። አክስቴ ጨጓራን አቀረበች። ጉሮሮን ከጨጓራ ምን እንደሚያገናኘው ስትጠየቅ ሁለቱም አንድ ቧንቧ ላይ መሆናቸውን ገለጸች። ሳትጠየቅም፣ የጨጓራ ኪኒን በቆርቆሮው ውስጥ እንዳለና በቅርቡ ጊዜው እንደሚያልፍበት፣ ቤተሰቡ ሌላ በሽታ ከመረጠ ግን ያ ሁሉ ኪኒን ሜዳ ላይ እንደሚቀር አስጠነቀቀች። ጋሼ ድሬሰር በበሽታው ዓይነት እንደማያስቸግሩ፣ ብቻ መርፌ የሚቀበል ይሁን እንጂ ለማንኛውም ዝግጁ መሆናቸውን አረጋገጡ።

ድምፅ ሲሰጥ አንድ ለአንድ ሆነ። ሊቀመንበሯ በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘው ስለነበር እጅ አላወጡም። በዚህ መሐል አባቴ ከወዲያ ወደዚህ ተገላብጦ በእንቅልፍ ልቡ «ወራጅ አለ!» አለ። አክስቴ ከጉሮሮ ወርዶ ጨጓራ የሚደርስ ነገር መኖሩን አባል በግልጽ እንደመሰከረ አስረዳች። አጎቴ ተቃወሙ፤ እርሷም «ወንድም ጋሼ፣ ድምፅ ሰጥቷል፣ ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ጮክ ብሎ ነው የሰጠው» አለቻቸው።

ሊቀመንበሯ እንደገና ሳሉ። አጎቴ ሳሉ ቆጠራውን እንደሚያሳስታቸው አመለከቱ። ሊቀመንበሯ ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቁ።

ከብዙ ንትርክ በኋላ ጸሐፊዋ ጨጓራ እንዳለባት በሁለት ድምፅ ተወሰነ። ለወደፊቱም በዚህ ቤት የሚመረጥ በሽታ በቆርቆሮው ውስጥ ካለው መድኃኒት ጋር የሚስማማ እንዲሆን መመሪያ ወጣ።

አጀንዳ ሦስት። ስለ ቆርቆሮው መከፈት

ቆርቆሮው በጉባኤው ፊት ተከፈተ። የጨጓራው ኪኒን አልተገኘም፤ አክስቴ ለካ ራሷ ጨርሳዋለች። ጉባኤው ይህን እንደ ትንሽ እክል ቆጥሮ ወደ ቀሪው አለፈ። አጎቴ ኪኒኖቹን በቀለምና በመጠን ደረደሩ፤ የዚህ ቤት ሰዎች ማሸጊያ ቦታ ይይዛል ብለው ስለሚጥሉ ሌላ መለያ አልነበረም። ከውሻ ትል መድኃኒት በቀር ስሙ የታወቀ አልተገኘም፤ እርሱንም የለየነው ቀድሞ የወሰደው የቤታችን ውሻ ጠረኑን አውቆ ከበረንዳው ስለሸሸ ነው።

በመጨረሻ ከሥር አንድ ነጭ፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ነገር ወጣ። አክስቴ ይህን እንደምታውቀው፣ አምና ራሷን ሲፈልጣት አንዱን ውጣ ወዲያው እንደለቀቃት በምድር በሰማይ ማለች። ጋሼ ድሬሰር መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮቱ ብርሃን ካዩት በኋላ ሁለቱ ቀዳዳዎች መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሟሟ የተደረጉ ናቸው አሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ ዛሬ እንደማይሠራም አከሉ።

ጸሐፊዋ የአባቴ የሥራ ሸሚዝ ከአንገቱ በታች አንድ ቁልፍ እንደጎደለው፣ የቀሩትም ነጭ፣ ክብ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ መሆናቸውን ትመዘግባለች።

መድኃኒቱ ለዕድሜዋ ከባድ ሊሆን ስለሚችል ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ከምግብ በኋላ እንድትወስድ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት። መርፌ

እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት የጠበቁት ጋሼ ድሬሰር ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ኪኒን ሆድ ውስጥ ገብቶ መንገድ እንደሚጠፋው፣ መርፌ ግን አድራሻ እንደሚያውቅ ተናገሩ። በመርፌው ውስጥ ምን እንደሚገባ አጎቴ ሲጠይቁ፣ ይህ በሥራው ሂደት የሚታይ ነው አሉ። አክስቴ መርፌውና ቁልፉ እንዳይጋጩ ሥጋቷን ገለጸች። ጸሐፊዋ ከዚህ በኋላ ያለውን የጻፈችው ከሶፋው ጀርባ ሆና ነው።

መርፌው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጋሼ ድሬሰር የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ።

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሯ ጣልቃ ገቡ። ነገር በችኮላ እንደማያምር፣ ዛሬ ሁሉም እንደደከመ፣ ስለዚህ መርፌው ለነገ ተላልፎ ጉባኤው ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት በዚሁ ሳሎን እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረቡ። ከአባላት አንድም ሰው እንዳይቀር፣ በተለይ ሊቀመንበር የሌለበት ስብሰባ ስብሰባ ስለማይባል እርሳቸው ከወንበራቸው ንቅንቅ እንደማይሉ አሳሰቡ። አክስቴ እማዬ ምንጊዜም አርቃ አሳቢ ናት አለች። አጎቴም ደገፉ።

ጸሐፊዋ ወደ ኋላ ገልጣ ሐኪሟ የቀጠረችበትን ሰዓት አየች። ነገ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት። ሊቀመንበሯ ወደ ሶፋው በኩል ላለማየት መጋረጃውን ያስተካክሉ ነበር።

«ተቃውሞ ያለው?» አሉ፤ እንደ ልማዱ፣ ለወጉ ያህል።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

የተከተለውን በቅደም ተከተል መጻፍ ያስቸግራል። አክስቴ እልል አለች። ወዲያው ከረሜላው የእርሷ መሆኑን ለጉባኤው አስታወሰች። ጋሼ ድሬሰር ዚፑ ሲከፈት የተሰማው ድምፅ ብቻውን እንደፈወሰኝ፣ መርፌ ሳይወጋ ያዳነ ባለሙያ ከእርሳቸው በቀር እንደማያውቁ ተናገሩ። አጎቴ ፈውሱ በትክክል የሚጀምረው አማካዩ ከተሰላበት ሰዓት መሆኑን አስረድተው፣ ምስጋናው በመቶኛ እንዲከፋፈል ሐሳብ አቀረቡ። ለከረሜላው አርባ፣ ለዚፑ ሠላሳ ተባለ፤ አክስቴ አርባውን እንደ ስድብ ቆጠረችው። ሦስት ቀን ዝም ማለቴንና ውኃ መጠጣቴን ያነሣ የለም። ጸሐፊዋ ሁለት ጊዜ ዕድል እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ጸሐፊ ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌላት አልተሰጣትም።

«አያቴ ነገ በሁለት ሰዓት ቀጠሮ አላቸው» አልኩ። «ሐኪሟ ሳላቸውን ልትመረምር ነው።»

አጎቴ ተራዬን እንድጠብቅ ሊነግሩኝ ጣታቸውን አነሡ። ጣታቸው እዚያው ቀረ።

ሊቀመንበሯ ትናንት የጀመራቸው መሆኑን ተናገሩ። አክስቴ ቀስ ብላ «እማዬ፣ ጣሪያው ሲቀየር አይደል እንዴ?» አለች፤ ከዚያም ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀች። ሊቀመንበሯ በጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ኪኒኖች፣ የቦርሳውን ክፍት ዚፕና የአጎቴን ስሌት አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ጥያቄው መልስ እንደማያስፈልገው ገለጹ። ትንሽ ቆይተው ግን መለሱ።

«ካልተመረመርኩ ሳል ነው። ከተመረመርኩ ስም ይወጣለታል።»

ይህ ቃል በቃል ተመዝግቧል።

ጋሼ ድሬሰር የቦርሳቸውን ዚፕ መልሰው ዘጉ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሳል አይተዋል፤ ቀድሞ የመጣውን ሰው በእግሩ ሲሄድ ሸኝተዋል፤ የዘገየውን ግን ማስታወስ አይፈልጉም። ይህን ከተናገሩ በኋላ መርፌ ሳያነሡ ተቀመጡ። ይህ በጎረቤትነት ታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

ቤቱ በድንገት ጸጥ ስላለ አባቴ ደንግጦ ነቃ።

ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነገሩት። ጨጓራን እንደመረጠ ሲሰማ ማንንም እንዳልመረጠ፣ የስድስት ሰዓቱን ተሳፋሪ እያወረደ እንደነበር አስረዳ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ «ይሄንን ነው እንዴ ስፈልገው የከረምኩት?» አለ። አክስቴ አምና የዋጠችውን በማስታወስ ሆዷን ያዘች። አጎቴ በበኩላቸው አባላቱን በጣታቸው ከቆጠሩ በኋላ፣ የነቃ አባል ሦስት ብቻ ከነበረ ጉባኤው ከመጀመሪያው ያልሞላ መሆኑን፣ ሒሳብ ደግሞ ዘመድ እንደማያውቅ በሐዘን አረጋገጡ።

አሁን አራት አባላት ዓይናቸውን ገልጠው ስለተገኙ ብቸኛው ሕጋዊ ውሳኔ የሚከተለው ሆነ። በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ ጨጓራው፣ የቁልፉ ግማሽ፣ መርፌውና የነገው ስብሰባ ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ለሐኪሟ የተሰጠው ዜሮ ይነሣል፤ ጸሐፊዋ ውኃ መጠጣቷን ትቀጥላለች። ነገ ጠዋት ሊቀመንበሯ ወደ ቀጠሯቸው ይሄዳሉ። አባቴ ከሌሊት ሥራው ሲመለስ ሳይተኛ ያደርሳቸዋል፤ አክስቴ ቆርቆሮውን ሳትይዝ መከተል ትችላለች። ለሳሉ ከሐኪሟ በቀር ማንም ስም እንዳያወጣለት፣ የወጣለት ስም ምንም ይሁን ምንም ስብሰባ እንዳይጠራበት ተከልክሏል።

ሊቀመንበሯ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ስለ ሳሉ ዕድሜ እርሳቸው እንደማይታመኑ ስለታወቀ፣ እውነቱን የሚናገር ሰው እስከ ውስጥ ድረስ አብሯቸው እንዲገባ፤ ይህም ጸሐፊዋ እንድትሆን። ከዚያም «እሺ እንግዲህ» አሉ። ይህ እንደ ሙሉ ድምፅ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከአመሻሹ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተበተነ፤ አጎቴ ዜና እንዳያልፋቸው፣ አክስቴም ስለ ሆዷ ሐኪም ለማማከር ተጣድፈው ነበር። ጋሼ ድሬሰር ቦርሳቸውን ረስተው ሄደው ተመልሰው ወስደዋል። አባቴ ሥራ እስኪገባ ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ቀረበ። ሊቀመንበሯ እስከ ዛሬ የቀረበላቸውን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ ከታች ይፈርሙ ነበር። ዛሬ ግን መነጽራቸው እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ለሐኪም እውነቱን የምትናገርልኝ ልጅ እስቲ ምን ምን እንደምትጽፍ ልይ ብለው የመጀመሪያውን ገጽ ወሰዱ። ይህ የመጨረሻው ገጽ ገና እኔ ዘንድ ነው። ጣታቸው ያረፈው በገጹ አናት ላይ ነው፤ ባዶ በነበረው ቦታ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸው «ሁለተኛው አጀንዳ» የሚለው ላይ ቆሟል።

በጸሐፊዋ ላይ ቅጣት ቢታሰብ አባቴ እንደገና ስለተኛ፣ አጎቴና አክስቴም ስለወጡ ምልዓተ ጉባኤው የማይሞላ መሆኑ በአክብሮት ይታ…

«ቱልቱላ።»

«አቤት።»